የዳገቱ ፈተና

ዛሬ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ተነሣሁ። ቁርሴን በልቼ፣ የታጠፈ ፎጣና አንድ ኮዳ ውሃ ይዤ መኪናዬ ውስጥ ገባሁ። የዓመቱ የባትሪ ምርመራ ቀን ነበር፤ ፈተናው የእንጦጦን ዳገት መውጣት ነው።

ባትሪያቸው ያረጀ ሃይብሪድ መኪኖች የእንጦጦ ዳገት ሥር ሲደርሱ ተሳፋሪዎቻቸውን ይመዝናሉ። ጭነት ከበዛባቸው ሰው ሳይወርድ አይንቀሳቀሱም፤ ሕጉ ነው። የእኛዋ አራት ዓመት ሙሉ ባለቤቴን ውብሸትን ስታስወርደው ኖራለች። እሱም ጣሪያዋን መታ መታ አድርጎ፣ "በይ ሂጂ፣ እቀድምሻለሁ!" ይለኝና በእግሩ ይወጣ ነበር። እኔ ዳገቱ አናት ላይ ላቡን የሚጠርግበትን ፎጣ ይዤ እጠብቀዋለሁ። ባለፈው ግንቦት ብጠብቀው ሳይደርስ ቀረ። ግማሽ መንገድ ላይ ልቡ ቆሞ ነበር።

ዛሬ አናቱ ላይ የጠበቀኝ መርማሪው ነው።

"እትዬ፣ ምን አበሏት? አምና ሰው ካላወረድኩ ብላ ዳገቱ ሥር የቆመችው ዛሬ እንደ ፍየል ወጣች እኮ! ባትሪ ቀየሩ?"

"አልቀየርኩም።"

"ታዲያ ምን አደረጉ?"

"ምንም።"

አንገቱን በመስኮቱ አስገብቶ የመኪናዋን ስክሪን ጮክ ብሎ አነበበው። "ጭነት ከአምናው በሰባ አራት ኪሎ ቀንሷል። ስለ ትብብርዎ እናመሰግናለን።" ከዚያ ሳቀ። "እሰይ! ሰው ሁሉ እንደ እርስዎ ኮተቱን ቢያራግፍ!"

ሊጨብጠኝ የዘረጋውን እጅ አልጨበጥኩም። የምስክር ወረቀቱን ግን ተቀበልኩ፤ ያለ እሱ መንዳት አይቻልም። ይህም አስጠላኝ።

እሱ ከሄደ በኋላ እዚያው ቆሜ ቁልቁል አየሁ። ፎጣው እንደታጠፈ ነው። ዳገቱን በእግሩ የሚወጣ ሰው የለም።