የዳኛዋ በር

ዳኛዋ ቁልፋቸውን ቢሮ ረስተው የቤታቸው በር ተዘጋባቸው። ሊከፍት የመጣው ደግሞ የሰው በር ከፍቶ ሲሰርቅ ተይዞ፣ በእስር ፋንታ ቁልፍ ሠሪ ዘንድ ስድስት ወር እንዲሠራ እሳቸው ራሳቸው የፈረዱለት ወጣት ነበር። ዛሬ የመጨረሻ ቀኑ ነው፤ ካልፈረሙለት እስር ቤት ይጠብቀዋል።

"አደራ፣ ቶሎ እንዳትከፍት! የድሮ ሥራህን ታስታውሳቸዋለህ፤ ላብህ ይታይ" ብሎት ነበር አሠሪው። ጣቶቹ ግን መች ምክር ይሰማሉ! የበሩ ቁልፍ የልጁን መክፈቻ ሽቦ ገና ከሩቅ ሲያየው ደንግጦ ቀጭ ብሎ ተከፈተ። ልጁ ክው ብሎ እጀታውን ጭብጥ አድርጎ ያዘና ይነቀንቅ፣ ያቃስት፣ ደረቅ ግንባሩን ይጠርግ ጀመር።

"ከበደህ እንዴ?" አሉ ዳኛዋ።

"ኧረ ክብርት ዳኛ፣ ይሄን ቁልፍ የሠራው ሰውዬ ራሱ መክፈት አቅቶት ነው የሞተው!"

ዳኛዋ ሰዓታቸውን አዩ። "ፋይልህ ላይ ግማሽ ደቂቃ ነው የሚለው፣ ልጄ። በል ግፋውና ግባ፤ የምፈርምልህ እስክሪብቶ ውስጥ ነው።"