የቢልቂስ ብልቃጥ

ስድስት ዓመት ያንገበገበኝ፣ ልጄ ቢልቂስ ስትቀበር ሐኪሞቹ ደሟን ፍሪጅ ውስጥ ማስቀረታቸው ነው። ለገደላት በሽታ ጥናት ዲኤንኤዋ ያስፈልጋል ይላሉ። «ስጡኝ፣ ከጎኗ ልቅበረው» ስላቸው ይስቃሉ። «እናቴ፣ ይሄ እኮ ናሙና እንጂ ሰው አይደለም።» ተምረው ሞተዋል!

ዘንድሮ ልደታ ያለው ላብራቶሪያቸው ሄጄ አልወጣም አልኩ። ዶክተሩ ሲሰለቸው «እሺ፣ ይዩት» ብሎ ደሟ ያለባትን ብልቃጥ ከፍሪጁ አወጣ። ወዲያው «ኡፍ!» ብሎ ጠረጴዛው ላይ ጣላት። አቃጠለችው።

«ፍሪጁ ተበላሽቶ ነው» አለ። አዋቂ! ከጎኗ የነበሩት ብልቃጦች ሁሉ እንደ ድንጋይ በርደው ደርቀዋል።

አንስቼ መዳፌ ላይ ያዝኳት። ትኩሳቱን አወቅኩት፤ የመጨረሻ ሳምንቷ ትኩሳት ነው። ማንንም ሳላስፈቅድ አብነት ያለው ቤቴ ወሰድኳትና እንደዚያን ጊዜው እርጥብ ጨርቅ አደረግኩባት።

ጨርቁ ደረቀ። ደግሜ ነከርኩት።