እርማት

መምህርት የነበረችው የሁለቱ እህትማማቾች እናት በሰማንያ አንድ ዓመቷ አረፈች። ለቀብሯ የሕይወት ታሪኳን የጻፈችው ታናሽየዋ ናት። የሃምሳ ዓመት ትዳሯን፣ ያስተማረችበትን ዘመን ሁሉ ዘርዝራ፣ «ከሁሉ አብልጣ የምትወዳት ልጇ እስከ መጨረሻው አስታመመቻት» ብላ ዘጋችው። ስለ ታላቅየዋ አንድ መስመር አልጻፈችም። እናትየው ሰባት ዓመት አልጋ ላይ ሆና ስትጠራ የኖረችው ግን ያቺኑ ነበር፤ ይኼ ታናሽየዋን ያንገበግባታል።

ሻይ ጥዳ ስትመለስ «ከሁሉ አብልጣ» የሚለው በቀይ ተሰርዟል።

ታላቅየዋ ሻንጣዋን እየጎተተች ስትገባ ወረቀቱን ዘረጋችላት።

«አንቺ ነሽ የሰረዝሽው?»

«ደግሞ ምን አጠፋሁ? ገና አሁን መድረሴ እኮ ነው።»

«ሌላ ማን ሊሆን ነው?»

ሁለቱም አጎነበሱ። ከስርዙ በታች፣ በእናታቸው ያጋደለ ጽሕፈት፣ ፊደል በፊደል እየተጻፈ ነበር።

«እህትሽን አትቆጪ፤ መንገድ አድክሟታል።»