“ይቅር ብዬሻለሁ” ብሎ የመጣው የቀድሞ ባል

“ታንኮራፋለህ?”

የጠየቁት አሮጊቷ ናቸው።

የአውቶቡስ ሹፌሩ ሶፋው ጫፍ ላይ ቁጢጥ ብሎ ላቡን ጠረገ…

“ትንሽ… ሲደክመኝ ብቻ ነው እማማ።”

“ትንሽ የሚባል ማንኮራፋት የለም። እሺ፣ ቀጥል።”

ሰውየው የመጣው ሴቲቱን ለትዳር ሊጠይቅ ነው።

ሴቲቱ ልብስ ሰፊ ናት። ከፍቺ በኋላ አንድ ሻንጣ ይዛ ሰው አገር የገባች… ልብስ ማስተካከያ ሱቅ ውስጥ ከዚፕና ከቁልፍ ጋር ስትታገል የምትውል።

ባሏ ጥሏት ሲሄድ ምን ብሏት እንደነበር ታውቃላችሁ?

“አንቺ እኮ ያለ እኔ መንገድ እንኳን መሻገር አትችዪም!”

ይኸው… ባሕር ተሻገረች።

ሹፌሩም እንደ እሷ ከትዳር የወጣ ሰው ነው። መጀመሪያ ሱቋ የመጣው ሱሪ ሊያሳጥር ነበር።

ከጥቂት ቀን በኋላ ያንኑ ሱሪ ይዞ ተመለሰ። “ትንሽ ረዘመብኝ…”

አሳጠረችለት።

ደግሞ መጣ። “አሁንም ትንሽ…”

ሱሪው ጉልበቱ ላይ ሲደርስ መቀሷን አስቀመጠች።

“ወንድሜ፣ ከዚህ በላይ ከቆረጥኩት የውስጥ ሱሪ ነው የሚሆነው። የመጣህበትን ጉዳይ ተናገር!”

ተናገረ።

ከፍቺው ወዲህ ከልቧ የሳቀችው ያን ቀን ነው።

ወደ ልብስ ሰፊዋ ሳሎን ልመልሳችሁ። አሮጊቷ ጥያቄያቸውን ገታ አድርገው መድኃኒታቸውን ሊውጡ ወደ መኝታ ክፍል እንደገቡ… በሩ ተንኳኳ።

ከፈተች።

የቀድሞ ባሏ!

ሙሉ ልብስ ለብሷል… ሽቶው ከእሱ ቀድሞ ገባ።

ይሄ ጀግና ምን ሆኖ መጣ መሰላችሁ? ሚስቱን የጣለላት ሴት በተራዋ እሱን ጥላው ሄደች። ሸሚዝ የሚተኩስለት ጠፋ። የቀድሞ ሚስቱ ውጭ አገር ሥራና ቤት እንዳላት ሲሰማ ደግሞ ፍቅሩ አገረሸበት።

ፍቅር እንዲህ አድራሻ መርጦ ሲያገረሽ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ገና በሩ ላይ እንደቆመ “ይቅር ብዬሻለሁ” አላት።

“ምን አልከኝ?”

“ያለፈው አለፈ። እኔ ይቅር ብያለሁ።”

ጥሎ የሄደው እሱ… ይቅር ባዩም እሱ! ዓይንን በጨው ታጥቦ መምጣት ማለት ይሄ ነው።

ቀጥሎ ሹፌሩን ከላይ እስከ ታች አየው።

“ይሄ ማነው?”

“ሊያገባኝ የመጣ ሰው ነው።”

ከት ብሎ ሳቀ። “ከነዩኒፎርሙ?”

“ከሥራ በቀጥታ ስለመጣሁ ነው” አለ ሹፌሩ በትሕትና።

“ስማ ወንድሜ፣ ይሄ የቤተሰብ ጉዳይ ነው። የላከችኝ እናቴ ናት። ‘ምራቴን ይዘህልኝ ና፣ እሷን ሳላይ እንዳልሞት’ ብላ እያለቀሰች! የእናቴን እንባ እንዴት አድርጌ ልለፈው? በየቀኑ እደውልላታለሁ። ዛሬ ጠዋት እንኳን ሳናግራት በረንዳዋ ላይ ፀሐይ እየሞቀች ነበር…”

ልብስ ሰፊዋ አፏን በእጇ አፈነች።

ሹፌሩ ልታለቅስ መስሎት ደነገጠ። እሷ ግን ሳቋን ነው የያዘችው።

“ዛሬ ጠዋት ማንን ነው ያናገርከው?”

አሮጊቷ… የውሃ ብርጭቆ እንደያዙ መኝታ ክፍሉ በር ላይ ቆመዋል።

ሰውየው ዞረ። ፊቱ አመድ መሰለ።

“እ… እማዬ?!”

አዎ ወገኖቼ…

አሮጊቷ የእሷ እናት አይደሉም። የእሱ እናት ናቸው!

ሹፌሩ ራሱ የሷ እናት ይመስሉት ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰውየው አዲሷን ሴት ሲያመጣ “አሮጊት አልጦርም” አለችው። እሺ ብሎ እናቱን ጠባብ የኪራይ ክፍል ውስጥ አስቀመጣቸው… “በቅርቡ መጥቼ እወስድሻለሁ” ብሎ።

ያ “በቅርቡ” ሳይመጣ ቀረ።

ዓይናቸው እየደከመ ሲሄድ የደረሰችላቸው የተፈታችው ምራታቸው ናት። ኑሮዋ እንደተደላደለ ለሕክምና ብላ አስመጣቻቸው… በዚያው አስቀረቻቸው።

የቀድሞ ሚስቱን አድራሻ ለማግኘት ያልደወለለት ሰው የለም። የእናቱን በር ግን አንዴም አላንኳኳም።

“እማዬ… መቼ ነው… እንዴት እዚህ…”

“ከመጣሁ ዓመት አለፈኝ። አልጠየቅኸኝም እንጂ ብትጠይቀኝ እነግርህ ነበር።”

“ስልክሽ እኮ አልሠራ ብሎኝ…”

“አሁን በየቀኑ እደውላለሁ አላልክም እንዴ?”



አሮጊቷ አላለቀሱም። የያዙት ውሃ ግን ቀሚሳቸው ላይ ፈሰሰ።

ሹፌሩ ብድግ ብሎ ብርጭቆውን ተቀበላቸው… ደግፎም አስቀመጣቸው።

የወለዱት ልጅ ከቆመበት አልተነቃነቀም።

“ልጄ…” አሉ አሮጊቷ።

“አቤት እማዬ!” ብሎ ተንደረደረ።

“አንተን አይደለም።”

ወደ ልብስ ሰፊዋ ዞሩ።

“ልጄ፣ ይሄን ሰው ወድጄዋለሁ። አግቢው።”

የቀድሞው ባል የሚሸኘው ሳያገኝ ወጣ።

ተጋቡ። አሮጊቷም የሙሽራዋ እናት ወንበር ላይ ቀጥ ብለው ተቀመጡ።

የዚያን ሰውዬ ጉድ ደግሞ ስሙልኝ! ከዚያ ቤት በወጣ በማግስቱ የእናቱን የድሮ ፎቶ ለጥፎ “እናቴ ሕይወቴ፣ ዘመንሽ ይባረክ” ብሎ ጻፈ።

ስንቱ “ልጅ ማለት እንዲህ ነው!” እያለ ልብ አዘነበለት መሰላችሁ…

ትምህርቱ ይሄ ነው፦ ሚስት መፍታት ያለ ነገር ነው። እናቱን የፈታ ሰው ግን ባል ለመሆን ቀርቶ ሰው ለመሆንም ገና ብዙ ይቀረዋል።

አሁን ልጠይቃችሁ…

ይሄ ሰው ነገ ከልቡ ተጸጽቶ ያንን በር ቢያንኳኳ፣ አሮጊቷን ብትሆኑ ትከፍቱለታላችሁ? ልብስ ሰፊዋን ብትሆኑስ?

የልባችሁን ጻፉ። የእናቱን ፎቶ እየለጠፈ ስልኳን የማያነሳ ካለ ግን… እባካችሁ እዚህ አይፈላሰፍብን!