ቀዩ ክር

ዓይነ ስውሩ አባት ልጁ የገዛለትን አዲስ ሬዲዮ ጭኑ ላይ አስቀምጦ ዳር ዳሩን ዳበሰ። ከላይ እስከ ታች ልሙጥ መስታወት ነው። "ማዞሪያው የት አለ?" አለ።

"ማዞሪያ ድሮ ቀረ፣ አባዬ! 'ዜና ክፈት' በለው፣ ይሰማሃል።"

"ከዕቃ ጋር ሳወራ ጎረቤት ቢሰማ አበደ ይለኛል" ብሎ ሳቀ አባትየው። ቢሆንም ልጁን ላለማሳፈር ጉሮሮውን ጠርጎ "ዜና ክፈት" አለ። ጥርት ያለ ድምፅ ክፍሉን ሞላው። ልጁ በደስታ አጨበጨበ።

"አሮጌውስ?" አለ አባትየው።

"ለአሮጌ ዕቃ ገዢው ሰጠሁት። እሱንም በስንት ልመና ነው የወሰደው!"

"ክሩም አብሮ ሄደ?"

ልጁ ክው አለ። ጠዋት አሮጌውን ሬዲዮ ሲወለውል ማዞሪያው ላይ የተጠመጠመ፣ በእድፍ የጠቆረ ቀይ ክር አግኝቶ ነበር። ለዕቃው መልክ ብሎ በምላጭ በጥሶ ከጥራጊው ጋር ጥሎታል።

"የምን ክር ነው?" አለ።

"እናትህ ናታ፣ ነፍሷን ይማረውና። ዓይኔ የጠፋ ሰሞን ከሹራቧ መዝዛ አሰረችልኝ። ቋጠሮው ወደ ላይ ከሆነ ዜና ነው፣ ወደ ታች ከሆነ ዘፈን፤ ማንንም አትለምን ብላ።"

ዜና አንባቢው ማውራቱን ቀጥሏል።

"ይሁን፣ ተባረክ ልጄ። ድምፁ መቼም ግሩም ነው" አለ አባትየው። ሁለት ጣቶቹ ግን ከመስታወቱ በላይ ባዶውን አየር ቆንጥጠው ቀስ እያሉ ያዞሩ ነበር።