ቅጥያ የሌለው ዋሽንት

ባለሱቁ የተቀቀለ እንቁላሉን እያላመጠ አራተኛውን የእንጨት ዋሽንት አግድም ከአፉ ደገነና ነፋበት። ከዚያ ብብቱ ሥር ሸጎጥ አድርጎ ጠረገውና ለልብስ ሰፊው ዘረጋለት። መንፊያው ቀዳዳ ዙሪያ ምራቁ ያብለጨልጫል፤ ምራቁ ላይ የአስኳል ፍርፋሪ ተለጥፏል።

«ይኸው! እንደ ንብ ቀፎ ነው የሚያስተጋባው። ንፋ እንጂ!»

ልብስ ሰፊው የሰው ምራቅ ቀርቶ የሰው መቀስ እንኳ ሳይጠርግ የማይነካ ሰው ነው።

«ጋሼ፣ ሳይነፉ ቢሰጡኝ ምን ይመስልዎታል?»

«አፌ ውስጥ መርዝ አለ እንዴ? የአባትህ እኩያ ነኝ እኮ።»

«ኧረ ዕድሜ ይስጥዎት» አለና ዋሽንቱን የሞተ አይጥ ጅራት እንደሚያዝ በሁለት ጣቱ ያዘው። በመሐረቡ ሦስት ጊዜ ጠረገው። አሁንም እንቁላል እንቁላል ይሸታል።

ታላቅ እህቱ አንገቷ ላይ ሻርፕ ጠምጥማ በሩ አጠገብ ቆማለች። ጉሮሮዋን ኦፕራሲዮን ካደረገች ወዲህ ድምጿ ወርዷል። ሐኪሙ «ዝፈኚ» ብሏታል፤ ችግሩ፣ ልብስ ሰፊው ቤት ያለው ዋሽንት ሁሉም ሰው የሚይዘው፣ መነሻ ድምፁ ዲ የሆነው ነው። ባለፈው ሳምንት በእሱ ሲያጅባት፣ ከፍ የሚለው ቦታ ላይ ድምጿ እንደ ነተበ ጨርቅ ተተረተረ። ለእሷ አሁን የሚሆናት መነሻው ከዲ ዝቅ ብሎ ቢ ፍላት የሆነ፣ ረዘም ያለ ዋሽንት ነው። ፈላጊ ስለሌለው እንደ ልብ አይገኝም፤ ማሠራት ደግሞ የስፌት መኪናውን መሸጥ ነው። «አንድ ቀን አብሬህ እዞራለሁ፤ ካጣን ግን ሁለተኛ ዝፈኚ እንዳትለኝ» ብላዋለች። ቀኑ ዛሬ ነው። ይህ ሱቅ ደግሞ የመጨረሻው።

ስድስቱንም ቀዳዳ ደፍኖ ነፋ። ቢ ፍላት። የመጀመሪያዋን ጣት ሲያነሳ ግን ድምፁ ደረጃ እንደሳተ ሰው ተፈናጠረ። ይኸኛውም እንደ ሦስቱ! አንገቱ ላይ የተንጠለጠለውን ሜትር አውርዶ የቀዳዳዎቹን ርቀት ለካ፤ እቤት ካለው አጭሩ ዋሽንት ጋር አንድ ነው። ጫፉን በጥፍሩ ፋቅ ሲያደርገው ቡናማው ቀለም ተላጠና ነጭ የውሃ ቱቦ ብቅ አለ። በማጣበቂያ የተቀጠለ ነው፤ ማጣበቂያው እንደ ንፍጥ ተዝረክርኮ ደርቋል።

«ጋሼ፣ የሕፃን ሱሪ ከታች ጨርቅ ቢቀጥሉበት ለትልቅ ሰው ይሆናል? ጉልበቱ የት ሊገባ ነው?»

«ቢ ፍላት አልክ፤ ቢ ፍላት ሰጠሁህ። የታችኛዋን ብቻ ስትነፋ ማን ያውቅብሃል?»

«በአንዲት ድምፅ ይዘፈናል?»

«እሷ ናት ዘፋኟ?» ባለሱቁ ዞር ብሎ አያት። «እስቲ እቴ፣ አንዴ በይልን።»

«ዋሽንቱ ሲገኝ» አለች እህትየው በዚያ በጎረነነ ድምጿ።

ባለሱቁ እንቁላሉ ትን እስኪለው ሳቀ። «ወይ ጉድ! እኔ እኮ ባሏ ከጀርባዋ የተናገረ መስሎኝ!» ፍርፋሪው ልብስ ሰፊው ኮት ላይ አረፈ።

ልብስ ሰፊው ፍርፋሪውን አላራገፈም፤ ሊነካው ተጸየፈ። ምላሱ ጫፍ ላይ የመጣውን ስድብ ዋጥ አድርጎ፣ «ቅጥያ የሌለው አንድም የለዎትም?» አለ።

«አንድ ነበረኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ ዞር ብሎ የሚያየው ጠፋ። ርዝመቱ ሲመቸን ጊዜ ለሌላ ሥራ አዋልነው» ብሎ ባለሱቁ በአገጩ ወደ ጓዳ አመለከተ።

የዕቃ ማጠቢያው ሲደፈን መጎርጎሪያ አድርገውታል። ዋሽንቱ እስከ ወገቡ ቱቦው ውስጥ ተሰክቶ ቆሟል።

ልብስ ሰፊው እጅጌውን ሰብስቦ ሳበው። ቱቦው አልሰጥም እንዳለ ጥቂት ታገለውና «ጱጥ» ብሎ ለቀቀው። ግራጫ ልፋጭ የተጠቀለለበት የፀጉር ጉንጉን አብሮ ወጣ። የበሰበሰ ስብ ሽታ ጓዳውን ሞላው፤ የልብስ ሰፊው ዓይን እንባ አቀረረ። ቢሆንም ሜትሩን ዘረጋ። ቀዳዳዎቹ ተራርቀዋል። ስንጥቅ የሚባል የለውም፤ የእጣቢው ቅባት ይህን ሁሉ ጊዜ እንጨቱን ሲያጠጣው ኖሯል።

ሲለካ ያየው ባለሱቅ ወዲያው ቃናው ተለወጠ። «እሱ እንኳ ብርቅ ነው። በአዲስ ዋጋ ነው የምሸጠው።»

«ቱቦ የጎረጎሩበትን?»

«ስጎረጉርበት ቢ ፍላትነቱ መች ተፋቀ!»

«ወንድምዓለም፣ ተወው በቃ» አለች እህቱ። «ይኼን ቆሻሻ አፍህ ውስጥ አታስገባም። እንሂድ።» የበሩን እጀታ ያዘች።

ያውቃታል፤ ያንን በር ከወጣች ነገሩ ያኔ አለቀ። ዋሽንቱን ውሃ አስነክቶ አራገፈው፣ መንፊያውን በሸሚዙ ጫፍ ጠራረገ፣ በአፍንጫው መተንፈሱን አቆመና ከንፈሩ ላይ ደገነው።

የወጣው ድምፅ ወፍራምና ዝግ ያለ ነበር። አንድ ጣት አነሳ፤ ሁለተኛው ድምፅ በቦታው ተገኘ። ሦስተኛውም። ጣቶቹን እስኪያሙት አራርቆ የዘፈኗን መግቢያ ተጫወተ።

የእህቱ እጅ እጀታው ላይ ቀረ። ጀርባዋን እንደሰጠችው፣ መጀመሪያ በአፍንጫዋ፣ ቀጥሎ በሙሉ አፏ ገባችበት። ወደ ከፍተኛው ቦታ ስትወጣ ትከሻዋ ኩምትር አለ፤ ድምጿ ግን እንደ ሙሉ ጣቃ ተዘረጋ።

ያን ጊዜ ከዋሽንቱ ሆድ ቀዝቃዛ ልፋጭ ተንሸራትቶ ከንፈሩ ላይ መጣ። ፀጉርም አለበት። ለመትፋት ዋሽንቱን ማውረድ አለበት፤ እሷ ገና ሁለተኛውን ስንኝ መጀመሯ ነው።

ዋጠውና ነፋ።