አጭር ብጉር ያለው ጎማ

ቲቶ ሰበታ ውስጥ መካኒክ ነው። የሚተኛውም እዚያው ጋራዥ ነው፤ ከአሮጌ ሚኒባስ የተፈታ ወንበር ላይ። ማታ ማታ መፍቻዎቹን ቤንዚን በነካ ጨርቅ ይጠርጋል። ቀጥሎ ራሱ ከጣውላ የቆረጠውን ራኬት። ያለው ንብረት ይኸው ነው፤ ጽዱ አድርጎ ይይዘዋል።

አንድ የሱሉልታ ክለብ ለአንድ የጠረጴዛ ቴኒስ ተጫዋች ሥራና ማደሪያ ሊሰጥ መሆኑ ተሰማ። የሰፈሩን ልጆች የምታሰለጥነው ጂቱ ጣውላውን ነጥቃ እውነተኛ ራኬት ሰጠችው። ራኬቱ ላይ የሚለጠፍ ሁለት ዓይነት ጎማ ፊቱ አስቀመጠች፤ አንዱ ልሙጥ፣ ሌላው አጫጭር ብጉር የወጣበት። ቲቶ ልሙጡን አነሳ።

“ተወው፣ ኦቦ ቲቶ” አለችው። “አንተ ኳስ የምታባብልበት ትዕግሥት የለህም። ብጉሩን ውሰድ። ሰው ኳሷን ቢያሽከረክርብህም ጎማው ብዙ አይሰማውም። ኳሷ ገና ከጠረጴዛው ስትነሳ በጥፊ አጩላት።”

ሁለት ሳምንት አጮላት። ቀን ጋራዥ፣ ማታ ልምምድ፤ ሲመለስ እንደ ወትሮው መፍቻውንም ራኬቱንም በቤንዚን ጠርጎ መተኛት። የቡራዩን ልጆች በልምምድ ግጥሚያ አንድ በአንድ ጣላቸው። የባለ ሱቁ የሀሰኖ ልጅ ኡዘይርም ተሸነፈ።

“ያሸነፈው ጎማው ነው፤ አንተ አይደለህም” አለው ኡዘይር።

ቲቶ ይህችን የኡዘይር ቃል ያዛት።

የምርጫው ቀን ሱሉልታ ላይ ለመጨረሻው ጨዋታ የቀሩት ቲቶና ኡዘይር ነበሩ። እንደ ደንቡ ሊተያዩ ራኬት ተለዋወጡ። ኡዘይር ብጉሮቹን በአውራ ጣቱ ደጋግሞ ተጫናቸው። ወደ አፍንጫው አስጠጋና ፊቱን አጨማደደ።

“ወንድሜ፣ ይሄ ነገር…”

“ጋራዥ ሸተተህ?” አለና ቲቶ ነጠቀው።

የመጨረሻው ጌም ላይ፣ ስምንት እኩል ሳሉ ቲቶ መታ። ኳሷ መሬት ወረደች። በድጋሚ መታ፤ አሁንም። ራኬቱን ገልብጦ አየ። ጎማው ዳር ዳሩን ለቋል፤ መሃሉ ላይ ብጉር የለም። የቀሩትን ቢነካቸው እንደ ፍርፋሪ ረገፉ። የኡዘይር አውራ ጣት ትዝ አለው።

ጠረጴዛውን ዞሮ በጥፊ አጮለው። አንዴ አልበቃውም።

ዳኛው አስወጣው። ለአንድ ዓመት ታገደ። ቤት ያለው ልጅ ማደሪያ አገኘ።

በሳምንቱ ጂቱ ጋራዥ መጣች። ኡዘይር በእሷ እጅ አዲስ ጎማ ልኮለት ነበር፤ ያው አጭር ብጉር ያለው።

“ምንም አላደረግሁም ብሏል” አለችው። “በሚቀጥለው ዓመት ይግጠመኝ ብሏል።”

“ምንም ያላደረገ ሰው ካሳ አይልክም” አለ ቲቶ። “እመጣለሁ ብሎሃል ብለው ይንገሩልኝ።”

ስትሄድ ጎማውን ለጠፈ፤ እስኪደርቅም ቁጭ ብሎ ጠበቀ። ይሄኛውን የሰው እጅ እንደማይነካው ለራሱ ማለ። ተነስቶ መፍቻዎቹን ጠራረገና በየቦታቸው ደረደረ።

ከዚያ ጨርቁን እንደገና ቤንዚን ነክሮ ራኬቱን አነሳ።